ስንዴ የማዋረድ ጥበብ

ሻጭ ዕቃውን ያመሰግናል፣ ገዢ ያጣጥላል፤ ገበያ ከተፈጠረ ጀምሮ ሥርዓቱ ይኸው ነው። ቅቤ ሻጭ «ቅቤዬ ከርሟል» ሲል የሰማ አለ? በጣሊያን ጊዜ ግን እኛ የልደታ እህል ደላሎች ይህን ሥርዓት ገልብጠን ያዝነው። የገዛ እህላችንን በአደባባይ በመስደብ ማን ይስተካከለን! ራስን ማመስገን ነውር ባይሆን ኖሮ፣ ከሁሉም የላቅሁ ተሳዳቢ ነበርሁ እል ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ስንዴ ከአውድማ ሲነሳ ስንዴ ብቻ ነው። ገበሬው «ወርቅ ነው» ይላል። እኔ ጠዋት ስገዛው «ነቀዝ ነክቶታል» እላለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ስሸጠው ነቀዙ በእግዚአብሔር ቸርነት ጥሎት ይሄዳል። ዋጋው በሁለቱ ውሸቶች መካከል ይወለዳል፤ ማንም አይጎዳም። ይህን የመሰለ ንጹሕ አሠራር ጣሊያን መጥቶ አፈረሰው። ወደ ከተማ የሚገባ ስንዴ ሁሉ መጀመሪያ እህል መሥሪያ ቤታቸው በር ላይ ቀርቦ ደረጃ ይሰጠው ተባለ። አንደኛና ሁለተኛ የወጣውን ራሳቸው በቆረጡት ዋጋ፣ በወረቀት ሊሬ ይወስዱታል። ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል ይሉ ነበር፤ እኛ ግን ከመኮንኖቹ ምሳ አልፎ ሲሄድ አላየንም። ሦስተኛ የተባለው ውዳቂ ነውና «ከዚህ አንሡልን» ተብሎ ለባለቤቱ ይመለሳል። እኛም ውዳቂውን ተክለ ሃይማኖት ገበያ ወስደን፣ አበጥረን፣ በጥሩ ዋጋ በጠገራ ብር እንሸጠዋለን። ታዲያ በእንዲህ ያለ ዘመን አንደኛ መውጣት ከእብደት በቀር ምን ይባላል?

አጎቴ ደጀኔ ከወልመራ አራት አህያ ስንዴ ጭነው የመጡት በዚህ መሐል ነው። ከሁለት በሬዎቻቸው አንዱ ሞቶባቸዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ ሌላ ካልገዙ መሬታቸው ጦሙን ማደሩ ነው። በሬ ሻጭ ደግሞ ጠገራ እንጂ ወረቀት አይነካም። የገጠር ሰው ነዋ! በሬውን ሰጥቶ ወረቀት አንጠልጥሎ ለመግባት ገና አልሠለጠነም።

«እንግዲያው አጎቴ፣ ስንዴውን እናበላሸው» አልኋቸው።

«ምን አልክ አንተ?»

«ትንሽ እንክርዳድ፣ ትንሽ ገለባ፣ አንድ ሁለት እፍኝ አፈር። ሦስተኛ ይሉታል፤ እናልፋለን።»

«በአባቴ ማሳ እንክርዳድ በቅሎ አያውቅም!»

«ለዚህ አይደል ከአብነት ሰፈር ገዝቼ ያመጣሁልዎ?»

እንክርዳድ በገንዘብ የገዛሁ የመጀመሪያው ሰው ሳልሆን አልቀርም። ደባለቅን። ደባለቅሁ ማለት ይሻላል፤ እሳቸውስ የሚወዱት በግ ሲታረድ እንደማያይ ሰው ጀርባቸውን ሰጥተው ቆመው ነበር።

በማግስቱ ጠዋት እበሩ ላይ ተሰለፍን። ደረጃ የሚሰጠው ወንፊት የያዘ ቀጭን ጣሊያን ነው። አጠገቡ የጌጃ ሰፈሩ አስተርጓሚ ቆሟል፤ ጣሊያኑ አንድ ቃል ሲናገር አምስት የሚመርቅ ለጋስ ሰው። ጣሊያኑ ከጆንያችን ዘገነ፣ አሸተተ፣ ፊቱን አጨማደደና ሦስት ጣት አወጣ። ልቤ በደስታ ዘለለች። አስተርጓሚው ግን ሦስት ጣት ብቻ መተርጎም አነሰውና ወደ ሰልፈኛው ዞሮ፣ «የኚህ ሽማግሌ ስንዴ ሦስተኛ! ለሰው አይሆንም፣ ለዶሮ ስጡት ብለዋል!» ሲል ጮኸ።

«ዶሮም ከራባት ነው እንጂ!» አለ አንዱ ከኋላ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ።

«አጎቴ፣ አህያውን ይንዱ» አልሁ በሹክሹክታ፤ «በሬው እጃችን ገባ።»

«ለዶሮ?» አሉ።

«አዎ፣ ለዶሮ። ተመስገን ይበሉ!»

«የእኔን ስንዴ? ለዶሮ?»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ስሙ የስንዴም ሊሆን እንደሚችል ያስተማረኝ ግን አልነበረም። አጎቴ ጋቢያቸውን እላዬ ላይ ጣሉና ወንፊቱን ከጣሊያኑ እጅ መነጨቁት። ወንፊት በአገራችን የሴት ዕቃ መሆኑን አንባቢዬ ያውቃል። አጎቴ በስተርጅና ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ያውም በአደባባይ፣ በሁለት ባለጠመንጃ ዘበኞች መካከል ይነፉ ጀመር። የገዛሁት እንክርዳድ ረገፈ፤ አፈሩም ወደ አፈርነቱ ተመለሰ። የቀረው ፍሬ፣ ምን ልበላችሁ፣ እኔ ራሴ ስገዛው እንኳ ልሰድበው የማልደፍረው ስንዴ ነበር።

«በል ከዚህ ውስጥ ለዶሮ የሚሆነውን አንድ ፍሬ አውጣና አሳየኝ!» አሉት ጣሊያኑን። «ቆሻሻውን የጨመረበት ይህ የእህቴ ልጅ ነው!»

አስተርጓሚው በሕይወቱ አንድ ቀን ሳይጨምር ሳይቀንስ የተረጎመው ይህንኑ ነው።

ጣሊያኑ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ አየና «ፕሪማ!» አለ፤ አንደኛ ማለቱ ነው። የአጎቴን ትከሻ መታ መታ አደረገ። አራቱም ጭነት አንደኛ ወጣ፤ ማለትም ተወሰደ። እኔም እህል በማበላሸት ሁለት ሳምንት የእህል መጋዘናቸውን እንድጠርግ ተፈረደብኝ። አጎቴ የወረቀት ሊሬያቸውን እንደ ጨበጡ፣ የሳቀባቸውን ሰልፈኛ አንድ በአንድ እጅ እየነሱ፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ወጡ።

«ሰማህ አይደል?» አሉኝ መጥረጊያ ይዤ በቆምሁበት ሲያልፉ። «አንደኛ!»

ዝናቡ ከቆመ በኋላ፣ መሬታቸው ጦሙን አድሮ ሳያቸው ምን ብዬ እንደማጽናናቸው እያሰብሁ ወልመራ ወረድሁ። ማሳው ታርሶ፣ ተዘርቶ፣ ስንዴው ጉልበት ደርሷል።

«በሬ ከየት አገኙ?»

«ከጎረቤቴ ጋር ተቀናጅተን አረስን። አንድ የእኔ፣ አንድ የእሱ።»

«እሱስ በምን ገዛ?»

«ስንዴ ሸጦ» አሉ ወደ ሌላ እያዩ።

ከሰው እንደ ሰማሁት፣ ጎረቤትየው ማሳውን አርሞ የማያውቅ፣ እንክርዳዱ ከስንዴው የሚበልጥ ሰነፍ ነው። ሦስተኛ ለመውጣት የእኔን የመሰለ ሊቅ አላስፈለገውም፤ እግዜር እንደ ፈጠረው ጭኖ ሄደ፣ ተሰደበ፣ ተክለ ሃይማኖት ላይ በጠገራ ሸጠ፣ በሬውን እየነዳ ገባ።

«ታዲያ ትንሽ እንኳ አይቆጭዎትም?» አልኋቸው።

አጎቴ ወደ ጎረቤታቸው በሬ ተጠጉ። ሻኛውን ዳሰሱ፣ አፉን ከፍተው ጥርሱን አዩ፣ ወደ ኋላ ሄደው ቁመናውን ለኩ።

«ምን ይቆጨኛል?» አሉ በመጨረሻ። «ደህና አድርጌ መርምሬዋለሁ። ከሁለተኛ ደረጃ አያልፍም።»