ከእሳት የወረደ ሥጋ

ጉባኤተኛ የሚባለውን ሰው ታውቁታላችሁ? ስሙ የተጻፈበትን ካርድ አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በባጃጅ ጭሮን የሚዞረውን ማለቴ ነው። ለምን እደብቃችኋለሁ? እኔም አንዱ ነኝ። የምግብ ደህንነት ባለሙያዎች ማኅበር አባል ከሆንኩ ጀምሮ ስለ ንጽሕና ያልሰማሁት ንግግር የለም፤ እጄን ግን ውኃ አስነክቼ ነው የማልፈው።

አምና ጉባኤያችን እዚሁ ጭሮ፣ አንድ ሆቴል ውስጥ ነበር። ሊቀመንበራችን ጠዋት «የበሰለ ሥጋ ከእሳት ወርዶ ከሁለት ሰዓት በላይ ከቆየ አይበላም!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ። አጨበጨብን። ከዚያ «አንድ ደቂቃ ብቻ» እያለ የምሳ ሰዓትን አሳለፈው።

በመጨረሻ ወደ ምግቡ ስንጋፋ፣ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ አዴ ፋጡማ ጭልፋቸውን ይዘው ድስቱ ፊት ቆሙ። ለካ በር ላይ ሆነው ሲሰሙን ኖሯል!

«ሥጋው ከወረደ ሦስት ሰዓት አልፎታል። ወላሂ አልጨልፍም!»

«ሕጉ እኮ ለኅብረተሰቡ ነው» አለ ሊቀመንበራችን።

«እናንተስ ኅብረተሰብ አይደላችሁም?»

አዲስ ወጥ እስኪደርስ ሙዝ በላን። እኔ ግን ደስ አለኝ፤ ከስንት ዓመት ጉባኤ በኋላ የሰማን ሰው ተገኘ!

ዘንድሮ እዚያው ሆቴል፣ ሊቀመንበራችን ማይክ እንደያዘ መጀመሪያ የዞረው ወደ ወጥ ቤቱ በር ነው።

«አዴ ፋጡማ፣ ሥጋው ወርዷል እንዴ?»

«እርስዎ ሳይጨርሱ አላወርድም!»

በአምስት ደቂቃ ጨረሰ። በጉባኤ ትኩስ ምሳ ስበላ ያ የመጀመሪያዬ ነው። እጄንም በሳሙና ታጠብኩ፤ አዴ ፋጡማ እያዩኝ ነዋ!