የአቶ ቢያዝን የዶሮ ቤት

እግዜር ለእያንዳንዱ ሰፈር አንድ አስታራቂ፣ አንድ ሰካራምና ሰው የጣለውን ሁሉ የሚያነሳ አንድ ሰው መድቧል። ባሕር ዳር ውስጥ ሐይቁ ዳር ላለው ሰፈር በሦስተኛው ሥራ የተመደቡት አቶ ቢያዝን ነበሩ። መንገድ ላይ የወደቀ ብሎን አይተው አያልፉም። ጎንበስ ብለው ያነሱታል፣ አቧራውን በአውራ ጣታቸው ይጠርጋሉ፣ «ይጠቅማል» ይሉና ኪሳቸው ይከቱታል። ለምን እንደሚጠቅም ተጠይቀው ግን መልሰው አያውቁም።

ሚስታቸው አገርነሽ ከዚህች ቃል ጋር አሥራ ስድስት ዓመት ኖራለች። ኪሳቸውን ሳትፈትሽ ሱሪ አጥባ አታውቅም። ጓሮዋ ውስጥ ግማሽ ብስክሌት፣ ቂጥ የሌለው በርሜልና ከነመስኮቱ ከቮልስዋገን የተነቀለ በር ተከምሯል። ጎረቤቷ ዘይነት አንድ ቀን ወንፊት ልትዋስ መጥታ «ጋራዥ ከፈታችሁ እንዴ?» ብትላት፣ አገርነሽ ሳምንቱን ሙሉ የጎረቤቷን ዓይን ማየት አፈረች።

በሰባ ስምንት ዓ.ም. የቀበሌው ሴቶች ማኅበር አሥራ ሁለት ነጫጭ የፈረንጅ ዶሮዎች ሰጣት። ሁለት ዓመት ተራ ጠብቃለች። ሊቀ መንበሯ ስታስረክባት፣ ዶሮዎቹ የሰፊው ሕዝብ ንብረት መሆናቸውንና አንዷ ብትጠፋ እሑድ ስብሰባ ላይ ቆማ ምክንያቱን እንደምታስረዳ ነገረቻት። በዚያ ዘመን ስብሰባ ፊት ቆሞ ማስረዳት ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው አልነበረም። አገርነሽ ፈራች፤ ዶሮዎቹን ግን ታቅፋ ገባች።

ማደሪያ መሥሪያው ጣጣ ሆነ። ምስማር ከቀበሌ ሱቅ ከጠፋ ከርሟል፣ ቆርቆሮማ ስሙም አይነሳ። የአቶ ቢያዝን ፊት ግን በራ። ሊቀ ቁርጥራጭ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት ቀን ደርሶላቸዋል። የጎበጠ ምስማር ድንጋይ ላይ እየቀጠቀጡ አቀኑ። ከሚሠሩበት ፋብሪካ የተጣለ የክር ሳጥን ፈታትተው ግድግዳ አቆሙ፣ የዘይት ቆርቆሮ ዘርግተው ጣሪያ አለበሱ። የቮልስዋገኑ በር በር ሆነ፤ እጀታው ሲዞር መስታወቱ ይወርድና ጥሬ ይበተንበታል። ይህን ለማየት ሰው ከገበያ ማዶ ሳይቀር መጣ።

ወለሉ ቀረ። ባለፈው ዓመት የአገርነሽን ዶሮዎች የጨረሰው ሽለምጥማጥ ከሥር ቆፍሮ ነበር የገባው። ዓሣ አጥማጆች ውኃ ጠጥተው ከበዱ ብለው የጣሏቸውን፣ ሐይቁ ዳር ከሚበቅለው ደንገል የታሰሩ ሁለት ታንኳዎች አቶ ቢያዝን በበጋ ጎትተው አምጥተው ነበርና፣ ጎን ለጎን አስተኝተው ቤቱን ከላያቸው ላይ አሰሩት።

«ታንኳ ላይ ዶሮ የሚያረባ ሰው የት አገር አይተሃል?» አለቻቸው።

«አራት ወር በፀሐይ አደረቅኋቸው እኮ» አሉ።

ይህ ለጥያቄዋ እንዴት መልስ እንደሚሆን አልገባትም።

በቡሄ ሰሞን ዝናቡ ሲወርድ አደረ። ጧት አገርነሽ የጓሮውን በር ስትከፍት ውኃው ደፉ ላይ ደርሷል። በሐይቁ በኩል ያለው አጥር ተኝቷል። የዶሮ ቤቱ የለም።

ለእሑዱ ስብሰባ ሦስት ቀን ቀርቷል። በሩን ይዛ ቆመች። አቶ ቢያዝን ከኋላዋ መጥተው አዩና ሱሪያቸውን ጠቅልለው ውኃው ውስጥ ገቡ። እየተከተለች ታንኳውንም፣ ብሎኑንም፣ ያገባቻቸውንም ቀን እየረገመች ወረደችባቸው። ደንገሉን በባዶ እጃቸው እየገለጡ ሲፈልጉ ስታይ እሷም በሌላው በኩል መግለጥ ጀመረች።

ከማዶ ማገዶ ጭኖ የሚመጣ ክንዱ የሚባል ባለ ታንኳ መቅዘፉን ገታ አደረገ።

«የመኪና በር ያለው ቤት ደንገል መኻል ቆሞ አይቻለሁ» አለ። «የእናንተ ይሆን?»

የማን ሊሆን ይችላል? ክንዱ በጠቆማቸው በኩል ሲሄዱ፣ ቤቱ ከነታንኳዎቹ ተንሳፎ፣ ትንሽ አዝምሞ፣ ደረቱን ነፍቶ ደንገሉ ላይ ተደግፏል። አገርነሽ እጀታውን አዙራ መስታወቱን አወረደችው። ቆጠረች። አላመነችም፣ ደግማ ቆጠረች። አሥራ ሁለቱም ደረቅ ናቸው፤ አንዷ እንዲያውም መንገድ ላይ እንቁላል ጥላለች። አገርነሽ እስከ ጉልበቷ ውኃ ውስጥ እንደቆመች ሳቀች፤ ሳቋ መኻል ላይ ልቅሶ ሆነ። «ተመስገን» አለች፣ «ተመስገን»። ከዚያ ሁለቱ ቤቱን ውኃው ላይ እየገፉ ጓሯቸው ድረስ መለሱት።

እሑድ ስብሰባው ላይ ኋላ ተቀምጣ ዋለች። ማንም አላስነሳት።

ማግስቱን አቶ ቢያዝን ቤቱን ከታንኳዎቹ ላይ አወረዱት። ታንኳዎቹ ውኃ ጠጥተው እንደገና ከብደዋል። በእግራቸው ገፋ አደረጓቸውና በሕይወታቸው ብለውት የማያውቁትን ቃል አወጡ።

«እነዚህስ አይጠቅሙም። ልጣላቸው።»

አገርነሽ የአንደኛውን ታንኳ ጫፍ ይዛ ፀሐይ ወደሚያርፍበት ጥግ ጎተተች፤ እሳቸው ሲገባቸው ሌላውን ጫፍ ያዙ። ሁለተኛውንም አሰጡት።

«አራት ወር ይበቃቸዋል» አለች። ወደ ቤት ልትገባ ስትል ቆም ብላ ዞረች። «ውኃ ደግሞ እንዳይወስደው ዛሬውኑ ቤቱን ከጓሮው ግራር ጋር የምናስርበት ገመድ የለህም?»

በአሥራ ስድስት ዓመት ትዳራቸው ከዚያ ክምር አንድ ነገር ስትጠይቃቸው የመጀመሪያዋ ነበር። አቶ ቢያዝን ሦስት ዓይነት ይዘው መጡ።