ባጃጅ የገጨው ጋዜጠኛ

የሚሠራበት ሬዲዮ ጣቢያ በተሸጠ ቁጥር ዓይኑ የሚለወጥ ጋዜጠኛ አጋጥሟችሁ ያውቃል? ጅግጅጋ ውስጥ አበራ የሚባል ወዳጅ አለኝ። ሥነ ምግባር የለውም እንዳትሉኝ፤ አለው፣ እንዲያውም የሚቀያይረው አለው። ድሮ ባጃጅ ሰው ሲገጭ ሾፌሩን በአየር ላይ ያፋጥጥ ነበር። ጣቢያውን ባጃጅ አስመጪ ከገዛው ወዲህ ግን ዜናው ሁሉ «አንድ እግረኛ ባጃጅ ገጨ» ሆነ።

ባለፈው ሳምንት ራሱን አበራን ባጃጅ ገጨው። ክሊኒክ ስሄድ እግሩ በጀሶ ታስሯል።

«ማነው የገጨህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ የገጨሁት። ባጃጁማ መንገዱን ይዞ ነበር።»

አሳዘነኝና፣ «ጣቢያው እኮ ትናንት ተሸጠ» አልኩት።

«ለማን?»

«ለዚህ ክሊኒክ ባለቤት።»

ጀሶውን ትክ ብሎ አየው።

«እንግዲያው ድኛለሁ» አለ፤ «ጫማዬን አቀብለኝ።»