የሸረሪቷ አስተርጓሚ

በየትኛውም ሰፈር አፍ ለሌለው ፍጥረት አፍ የሚሆን ሰው አይጠፋም። አንዱ የድመቱን፣ ሌላው የዶሮውን ሐሳብ ይተረጉማል። እኛ በጃፓን የካጂኪ ከተማ ሰዎች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ሸረሪት ስለምናዋጋ ለእኔ የደረሰኝ የሸረሪት አስተርጓሚ ነው፤ የግድግዳ ጎረቤቴ፣ ክቡር ሳኮዳ ሳን።

የዘንድሮዋ ተፋላሚያቸው ቢጫ መቀነት የታጠቀች የምትመስል ወፍራም ሸረሪት ናት። እንግዳ መቀበያው ጥግ ላይ ድሯን ዘረጋች። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት በር ወርወር አድርጎ መዝጋት ክልክል ሆነ። ካስነጠስኩ "ቀስ! የምትሰማው በእግሯ ነው!" እባላለሁ። የተቀቀለ ስኳር ድንች ይዤ ስሄድ፣ ጫማዬን አውልቄ ደጃፉ ላይ እቆማለሁ። እሳቸው ድሩን አየት አድርገው "ይግቡ፣ አውቃዎታለች" ይላሉ።

"ስምንት ዓይን እያላት በእግሯ?" አልኳቸው አንድ ቀን።

"ዓይኗ ብዙም አይረዳትም። ክሩ ሲርገበገብ ነፋስ ይሁን ዝንብ በእግሯ ትለያለች። እርስዎ በመነጽርም አይለዩም።"

ባለቤታቸውን ፉሚኤን ግን መሯታል። "ዘንድሮ ከተሸነፈች ድሩን በመጥረጊያ አወርደዋለሁ። ቤት ነው ጫካ?"

"ቀስ በይ፣ ትሰማለች!"

"ትስማ!"

የውድድሩ ቀን ሸረሪታቸውና ተጋጣሚዋ ለፍልሚያው በአግድም በተያዘ ቀጭን እንጨት ላይ ተገናኙ። ሳኮዳ ሳን የሚያጨበጭበውን ሁሉ "እንጨቱ ይርገበገባል!" እያሉ ይቆጣሉ። ሸረሪታቸው በክሯ ተንጠለጠለች፤ ተጋጣሚዋ ደርሳ በጠሰችባት። ክሯ ከተበጠሰ አለቀ።

"አልተሸነፈችም፤ በእንጨቱ የተላከላትን ስድብ ንቃ ሄደች" አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ፊታቸውን ስላየሁ አልሳቅሁም።

ሸረሪቷ ወደ ጥጓ ተመለሰች። በማግስቱ ፉሚኤ መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። ሳኮዳ ሳን መሬት መሬት ያያሉ። ድሩ ጠርዝ ላይ አንድ ደቃቃ ሸረሪት ክሩን በእግሩ ነካ ነካ ያደርጋል፣ ያርፋል፣ ደግሞ ነካ ያደርጋል።

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለች ፉሚኤ።

"ወንዱ ነው። እያንኳኳ ነው። የራሱን ምት ካላሰማት ዝንብ መስሏት ትበላዋለች።"

"የሚያንኳኳ ባልም አለ ለካ!" መጥረጊያውን ግድግዳው ላይ አስደገፈችው። "መልሱን እስኪሰማ ብቻ ነው፣ ሰማህ?" አለቻቸው።

ይህን እስክጽፍ መልስ አልመጣም። በየማታው "ዛሬስ ምን አለችው?" ልል ብቅ እላለሁ። ሳኮዳ ሳንም ረጅም ትርጉም ይሰጡኛል። ግማሹ የራሳቸው ፈጠራ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሳልሰማው ግን እንቅልፍ አይወስደኝም።