ማዳመጫው የደበቀው ድምፅ

ሰው ገንዘቡን አውጥቶ ጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ቢገዛ ማንም አይገረምም። የሚገርመው፣ ጥሩው ሰልችቶት እንግዳ ድምፅ ያለውን የሚያሳድደው ነው። እንዲህ ዓይነቱ ሰው ዘፈን አይሰማም፤ ማዳመጫውን ነው የሚሰማው። አንዱ ዘፋኙን ከኋላው ያቆምለታል፣ ሌላው ከበሮውን ጉድጓድ ይከትለታል። "ታዲያ ይኼ ብልሽት አይደለም ወይ?" ብትሉት በሐዘኔታ ያያችኋል። ብልሽት የሚባለው ዕቃው ርካሽ ሲሆን ነው፤ ሲወደድማ "ጠባይ" ይሆናል።

ሐጎስ እንዲህ ያለ ሰው ነው። መቐለ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እሱ ፊዚክስ፣ እኔ አማርኛ። ከሸዋ ተመድቤ ስመጣ ቤት ፈልጎ ያስገባኝ፣ ከተማውን ያላመደኝ እሱ ነው። ዘጠኝ ማዳመጫ በየሣጥናቸው አሰልፏል። እኛ ባልደረቦቹ ትዳር ሳይዝ ዘጠኝ ሚስት አገባ እያልን ከኋላው እንስቃለን፤ ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው።

ዐሥረኛውን እህቱ ከውጭ ስትመጣ ይዛለት መጣች። በማግስቱ ሮማናት አካባቢ ካለችው ካፌያችን ይዞት ከተፍ አለ።

"ሓወይ፣ ወንድሜ፣ እስቲ ስማው! በግራ በኩል መሰንቆዋን ይደብቃታል። እንዴት ያለ ጠባይ መሰለህ!"

ሰካሁት። መሰንቆዋ በግራም በቀኝም አለች፤ ቀስቱ ጭራውን ሲፈገፍገው ሳይቀር ይሰማል።

"የለችም አይደል?" አለኝ ፊቱ በርቶ።

እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ልብሱ ለጠበበው "አምሮብሃል"፣ ጨው ላበዛችው "እጅሽ ይባረክ" እያልን ያደግን ሰዎች ነን። "እውነትህን ነው፣ የለችም" አልኩት። ሌሎቹም መምህራን በየተራ እየሰኩ በየተራ "የለችም" አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ!

ከወራት በኋላ ዘፋኟም በግራ በኩል ጠፋች። "እየዋለ እያደረ ነው የሚበስለው" አለን ሐጎስ። "እንዴታ!" አልን። ዘጠኙ የቀድሞ ማዳመጫዎች ተራ በተራ ያንኑ "ጠባይ" ሲያመጡ ግን ደነገጠ። ጆሮ ሐኪም ዘንድ ተከትዬው ሄድኩ።

ሐኪሙ መረመረው። በሽታው ግራ ጆሮውን ውስጥ ውስጡን ጨርሶታል፤ ወደ ቀኙም እንዳይዛመት ያሰጋል። "ገና ሲጀምርህ ብትመጣ ይተርፍ ነበር" አለው።

ሐጎስ ዞሮ አየኝ። "ሲጀምረኝማ ሁላችንም አልሰማንም ነበር። አንተም አልሰማህም፣ አይደል?"

ያኔ እውነቱን መናገር ነበረብኝ። አፈርኩ፤ ከማፈሬም ይልቅ ፈራሁት። "አልሰማሁም" አልኩ።

ከመቀመጫው ብድግ አለ። "ኣታ! እንግዲያው አንተንም ጀምሮሃል ማለት ነው! በጃኹም ዶክተር፣ እሱን እንኳ ሳይረፍድበት እዩልኝ!" የራሱን ሐዘን እዚያው ጥሎ ካርድ ሊያወጣልኝ ሮጠ። እኔም ካርዱን ተቀብዬ ወረፋ ያዝኩ።

መስኮት ካላት ጠባብ ክፍል አስገብተው የመመርመሪያውን ማዳመጫ ደፉልኝ። "ድምፅ በሰሙ ቁጥር እጅዎን ያንሡ" አለችኝ ነርሷ። ሐጎስ ከመስታወቱ ማዶ ቆሞ ዓይኑን ሳይነቅል ይጸልይልኛል፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። በግራ ጆሮዬ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። ጥርት ያለ ነው።

እጄን አነሣሁ። የሐጎስ ከንፈር ቆመ።