ኔቡላዬን ያጸዳልኝ ሰው

ቡታጅራ ያለ ፎቶ ቤት ኔቡላዬን አጠፋብኝ። ኔቡላ በከዋክብት መካከል ያለ የጋዝና የአቧራ ደመና ነው። በጋውን ሙሉ ሰማይ ሳነሳ ከርሜ፣ ፎቶዎቹን በኮምፒውተር ደራርቤ አንድ ቀይ ደመና አወጣሁ። ያንኑ አንድ ፋይል እንዲያትምልኝ በፍላሽ ሰጠሁት።

ለመሆኑ ሳይለምኑት የሚያሳምር ሰው ገጥሞዎት ያውቃል? ይኸኛው ሙሽራን እንኳ ከነጠባሳዋ አያሳልፍም!

«ጋሼ፣ ቆሻሻ ነበረበት። አጽድቼ እዚያው ላይ ሴቭ አደረግኩልህ» ብሎ ጥቁር ወረቀት ሰጠኝ።

«ቆሻሻው እኮ ነው ፎቶው! ከዋክብቱስ?»

«ብጉር መስለውኝ።»

በጎልማሳነቴ ፊደል የቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ ንግግር ማሳመር አላውቅም። ሰደብኩት። ከሰሰኝና ሽማግሌ ተቀመጠ። ሽማግሌዎቹ ወረቀቱን አገላብጠው አዩና፣ «ጥርት ብሏል፤ ምን ጎደለው?» አሉኝ።

ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። ጉዳዩ የተዘጋው በመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18 ቀን ነው።