ልጄ ልታወራኝ ስትል የሚጠፋው ኮምፒውተር

እንደ ባለሙያ ቤቱን የሚያበላሽ ሰው የለም! እጁ ምንም የማያውቅ ሰው፣ ሲቸግረው ሰው ጠርቶ ያሠራል። ባለሙያ ነኝ ባዩ ግን የተበላሸውን ዕቃ ራሱ ይፈታዋል፤ ከዚያ ጠረጴዛ ላይ የተረፉትን ብሎኖች እያየ ይቆዝማል። ይህን የምላችሁ፣ እዚህ እስራኤል፣ ቂርያት ጋት ከተማ የኢንዱስትሪ ቀጠና ውስጥ የማሸጊያ ማሽን ስጠግን ሃያ ዓመት ያለፈኝ እኔው ነኝ። ሰው አላማሁም!

ከጥቂት ወራት በፊት በገዛ እጄ የጌም ኮምፒውተር ገጣጠምኩ። አዎ፣ ሃምሳ ሊሞላኝ ነው። አዎ፣ ለጌም። አትሳቁ፤ ምክንያት አለኝ። ልጄ ሺራ ቤርሼባ ምህንድስና ትማራለች። ስልክ ስደውልላት፣ “ደህና ነኝ አባየ፣ ሁሉም ቤሴደር፣ ሁሉም ሰላም” ብላ በአንድ ትንፋሽ ትጨርሰኛለች። ጌም ላይ ግን አፏ ይፈታል! ከሁለት የክፍል ጓደኞቿ ጋር አራት ሆነን የጭነት መኪና እየነዳን ጭቃማ ተራራ እንወጣለን። የነዳጁ መኪና የኔ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ እቀመጣለሁ። እሷም መሪዋን እያዞረች ስለ መምህሮቿ፣ ስለ ጓደኞቿ፣ አንዳንዴም ስለ ልቧ ታወራኛለች። ለእኔ ጌሙ ይኸው ነው።

ፀሐይ በበረታበት ሰሞን፣ አንድ ማክሰኞ ገደሉን ተጠግተን ስንወጣ ድምፅዋ ቀዝቀዝ አለ።

“አባየ፣ አንድ ነገር ልነግርህ ነበር። ግን እንዳትቆጣ።”

“ምንድን ነው ልጄ?”

“መጀመሪያ ቃል ግባልኝ።”

“ቃሌን ሰጥ—”

ድርግም! ስክሪኑ ጠቆረ። ማራገቢያው ሊነሳ እንደቃረበ አውሮፕላን አጓርቶ ዝም አለ።

ቶሎ ብዬ ደወልኩላት። “ተወው አባየ፣ በስልክ አይሆንም” አለችኝ።

በስልክ የማይሆን ነገር! የሴት ልጅ አባት የሆናችሁ፣ ይህች አነጋገር የት ድረስ እንደምትወጋ ታውቃላችሁ። ለባለቤቴ ለትርንጎ ነገርኳት።

“ሳትነግረን አግብታ ይሆን?” አለች እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

“ትምህርቱን ልትተው ነው” አልኩ እኔ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ሺራ “ያ ያልኩህ ነገር...” ስትል፣ ድርግም! በሦስተኛውም እንደዚያው። ተናደድኩ። የግራፊክስ ካርዱን ሶፍትዌር አደስኩ፤ ሜሞሪውን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፤ ሲስተሙን በሙሉ ደምስሼ እንደ አዲስ ጫንኩ። ጥፋቱን በመብራቱ ላይ ጣልኩና ከኩሽና ገመድ ሳብኩ። “ልብስ ማጠቢያውን አጥፊው፣ ኃይል እየተሻማኝ ነው!” ብዬ ስጮህ፣ ትርንጎ እርጥብ አንሶላ ታቅፋ ብቅ አለች።

“ስማ፣ ልጅቱ ደውላልኝ ነበር። ‘አባየን ላናግረው ስል ሆን ብሎ ይዘጋብኛል’ ትላለች።”

“እኔ? እኔ ዘጋሁባት?”

“ታዲያ ማን ነው? ልብስ ማጠቢያው?”

ልጄ ሦስት ጊዜ ሙሉ ልቧን ልትከፍትልኝ ሞከረች፤ እኔ ደግሞ ሦስት ጊዜ ፊቷ ላይ በር ዘጋሁ ማለት ነው። ዕቃዎቹን ለሸጠልኝ ሱቅ “የሰጣችሁኝ ብልሽት ያለበት ነው” የሚል ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ደግነቱ አልላክሁትም።

ዓርብ ጠዋት ሺራ በባቡር መጣች። ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ኮምፒውተሩ ወዳለበት ክፍል ወሰድኳት። “ነይ፣ በዓይንሽ እዪ! እኔ አልዘጋሁብሽም” አልኳትና ጌሙን ከፈትኩላት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ድርግም። ክዳኑን ከፍታ እጇን አስጠጋችና በድንጋጤ ሳበችው።

“አባየ፣ እሳት እኮ ነው! ሙቀቱን አይተኸዋል?”

እናንተ ካልነገራችሁብኝ አንድ ነገር ልናዘዝ፦ ፋብሪካ ውስጥ አዲስ ሠራተኛ በመጣ ቁጥር “ማሽን ሲቆም መጀመሪያ ሙቀቱን እዩ!” እያልኩ የማስተምረው እኔ ነኝ።

ሺራ የኮምፒውተሩን ማቀዝቀዣ ፈትታ አነሳችው። ከሥሩ፣ ከዋናው ቺፕ ጋር በሚነካካው ፊቱ ላይ፣ ስስ ፕላስቲክ ተለጥፏል። ሙቀቱ እንዳይወጣ አፍኖ የያዘው እሱ ነው፤ ፀሐዩ ሲበረታ ደግሞ ጭራሽ ባሰበት። በጥፍሯ ላጠችውና ጽሑፉን ጮክ ብላ አነበበችው።

“‘ከመግጠምዎ በፊት ይህን ያንሱ።’ በአራት ቋንቋ ተጽፏል፣ አባየ።”

“በአማርኛ አለ?”

“የለም።”

“ታዲያስ!”

ትርንጎ በሩን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። ሳቁ ጋብ ሲል ወንበር ስቤ ልጄ ፊት ተቀመጥኩ።

“ሺራ፣ ያን ነገር ንገሪኝ። አልቆጣም። ብታገቢም፣ ትምህርቱን ብትተይም ልጄ ነሽ።”

“ማን አገባ?” አለች ዓይኗ ፈጥጦ። ከዚያ አንገቷን ደፋች። “አባየ... ልጆቹ ሌላ ሹፌር ይሻለናል እያሉ ነው። ነዳጁን አራት ጊዜ ወንዝ ውስጥ ከተትከው።”

“ኮምፒውተሩ እየጠፋ ነዋ!”

“አራቱንም ጊዜ በደንብ እየሠራ ነበር።”

ልቆጣ አልኩ፤ ግን ቃል ገብቻለሁ። ደግሞ ደስታዬ ከንዴቴ በለጠ፤ የተባረርኩት ከሹፌርነት እንጂ ከልጄ ልብ አልነበረም! ለምኜ የአንድ ወር የሙከራ ጊዜ አገኘሁ።

ባለፈው ማክሰኞ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰዓት ሙሉ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ሠራ። እኔም ነዳጁን ሜዳ ላይ፣ ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ፣ ገለበጥኩት። ስክሪኑ ይጠፋ ይሆን ብዬ ጠበቅሁ። አልጠፋም። መብራቱም አለ፤ ልብስ ማጠቢያውም ቆሟል።

“ጥፋቱ... የኔ ነው” አልኩ በቀስታ።

“አባየ፣ ዛሬ ድምፅህ በጣም ጥርት ብሎ ነው የሚሰማው” አለች ሺራ። “እስቲ ድገመው።”